አደይ ለተሥላሴና የምዕራቡ ግድግዳ

ቤተ ክርስቲያን ባለበት ሁሉ ሙታንን ከሕያዋን ጋር የምታስተዋውቅ አንዲት ሴት አትጠፋም። ካህን ሊዛወር ይችላል፤ ደወል ሊሰረቅ ይችላል፤ ጣሪያውን ነፋስ ሊወስደው ይችላል። እሷ ግን አለች። የሾማት የለም፤ ስለዚህ የሚሽራትም የለም። ደጃፉን አልፈህ ገና ማረፊያ ስትፈልግ፣ «እዚያ ጋ አትቀመጥ፣ የእገሌ ቦታ ነው» ትልሃለች። እገሌን ፍለጋ ዞር ዞር ትላለህ። ወንበሩ ባዶ ነው። አጠገብህ ያለው ሰው ወደ ጆሮህ ጠጋ ብሎ እገሌ ከሞተ መቆየቱን ይነግርሃል። አንተም ቦታ ትቀይራለህ። ለሞተ ሰው ወንበር ለምን እንደለቀቅህ ለራስህም አታስረዳም።

በተወለድኩበት በአርማጭሆ እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። መተማ ሳለሁም አንዷን አውቃለሁ። ሁለቱም ቢሆኑ ግን ድንበር ማዶ ያለችውን የገዳሪፏን የጫማ ማሰሪያ ሊፈቱ አይበቁም። የገዳሪፏ ማሰሪያ የሌለው የፕላስቲክ ጫማ ነው የሚጫሙት እንጂ።

ከነማዕረጋቸው ልጥራቸው፤ አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ክብርት አደይ ለተሥላሴ፣ በገዳሪፍ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሞቱና ሄደው የቀሩ ሰዎች ጉዳይ የበላይ ጠባቂ። አጭር ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፤ ነጠላቸው ከላይ ነጭ፣ ከታች የገዳሪፍ አፈር ቀለም ነው። ከእጃቸው የዘንባባ ማራገቢያ አይለይም። ሙቀት ሲሆን ግን አያራግቡበትም፣ ሰው ይጠቁሙበታል። ከአከለ ጉዛይ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው እንደመጡ ይነገራል። የሚጸልዩት በትግርኛ፣ የሚገበያዩት በዓረብኛ ነው። አማርኛ የተማሩት እኛን ለመቆጣት ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም እስካሁን ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።

ከአፋቸው የማይጠፉ ሁለት ቃላት አሏቸው። አንደኛው «ተዋወቁ» ነው። ሁለተኛው «አለ፣ የት ይሄዳል» ነው። እገሌ የሚባለውን ልጅ አይተውታል ወይ ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው ይኸው ነው። ልጁ ወደ ሊቢያ ተሻግሮ ድምፁ የጠፋ ቢሆን፣ በረሃ የቀረ ቢሆን፣ ከከተማው ዳር የተቀበረ ቢሆን መልሱ አይለወጥም። አደይ ዘንድ በሄደና በሞተ መካከል ልዩነት የለም። ሁለቱም ደውለው አያውቁም።

እኔ የተዋወቅኳቸው በስሕተት ነው። ከጎንደር ቆላ ወርደን ሰሊጥና ማሽላ ለማጨድ ድንበር የምንሻገር ሰዎች ኦርቶዶክስ ነን። ገዳሪፍ በገባን በመጀመሪያው እሑድ ግን ሁላችንም አንድ ነገር እናደርጋለን። ጣሪያ ላይ መስቀል ስናይ ማን እንደተከለው ሳንጠይቅ ሄደን ግድግዳውን እንሳለማለን። ከዚያ አንድ የቆየ ሰው ይመጣና የካቶሊክ መሆኑን ይነግረናል። አንዴ የተሳለሙትን ግድግዳ አልተሳለምኩህም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ውስጥ አንገባም፤ ሳንሳለምም አናልፍም። ቦታችን ከበስተኋላ፣ በምዕራቡ ግድግዳ፣ ወጣ ባለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። መዳፋችንን እንለጥፋለን፣ ግንባራችንን እናስነካለን፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አጨዳው እስኪደርስ ወደምንሠራበት የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ተመልሰን ሥራችንን እንቀጥላለን።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ በጠፋበት ሰዓት፣ ብቻዬን ሄጄ እጄን ግድግዳው ላይ አደረግሁ።

«ፈንጠር በል፣ ወደይ» አለኝ ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ በትግርኛ ልጄ ለማለት። «ባንታምላክ ላይ ቆመሃል።»

ዘለልኩ። እግሬ ሥር አየሁ። ጥቁር አፈር ነው፤ አፈሩ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ። ሌላ ምንም የለም። አደይ ለተሥላሴ መጥተው ማራገቢያቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ።

«ተዋወቁ። ባንታምላክ፣ ይኼ አዲስ ልጅ ነው። ስምህን ማን ልበለው?»

«ምንይችል።»

«ምንይችል ይባላል» አሉ ለግድግዳው። ጥቂት ጠበቁ። መልስ እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ግድ የለም ብሏል። ትንሽ ወደ ግራ ሁን ብቻ።»

ወደ ግራ ሆንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታዬ በስተግራ ነው።

የደብሩን ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው እሳቸውን ከመጠየቅ ቢጠነቀቅ ይሻለዋል። ቆሞሱ፣ የደብሩ አለቃ አባ ገብረ ሥላሴ፣ ዝምተኛና ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ለማደስ እርዳታ ሲጠይቁ ከደብዳቤው ጋር አጭር ታሪክ ማያያዝ ፈለጉና አደይን ጠየቋቸው። በመጀመሪያው ቀን እንደተነገራቸው፣ ይህን ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱት ጺማም ፈረንጅ አባ በባቡር መጡ፤ ደወሉን እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነበር። በሌላ ቀን እኚሁ አባ ከከሰላ በግመል መጡ፤ ደወሉ የግመሉ አንገት ላይ ስለነበረ ሕዝቡ ከመልካቸው በፊት ድምፃቸውን ሰማ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ አባ በእግራቸው መጡ፤ ደወሉ በኋላ ብቻውን ደረሰ። አሟሟታቸውም እንደዚሁ ነው። መንበሩ ሥር ተቀብረዋል። ከሰላ ተራራ ግርጌ ተቀብረዋል። ጨርሶ አልሞቱም፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ የገለባ ባርኔጣ አድርገው ግቢው ውስጥ ይታያሉ።

አባ ገብረ ሥላሴ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው የትኛውን ልጻፍ አሏቸው።

«ሁሉንም» አሉ አደይ። «ትልቅ ሰው ነበሩ። አንድ ቦታ ብቻ ሞተው አይበቃቸውም።»

በዚህ ሁሉ መካከል የማይለዋወጥ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የሣር ዳስ ነበረ። ከዚያ በታላቁ ስደት ጊዜ፣ ከጎንደርም ከአከለ ጉዛይም ሰው እየሸሸ ሲመጣ፣ ምንም ያልቀራቸው ሰዎች ከአትባራ ወንዝ ዳር ጭቃ ጠፍጥፈው ጡብ አቃጠሉ፤ በዚያ ጡብ የምዕራቡን ግድግዳ ሠሩት። ይህን ሲናገሩ ባቡርም ግመልም አያስገቡበትም።

ችግሩ ገዳሪፍ የተቀመጠችው መረሬ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ መሆኑ ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተሠራውን ሁሉ ዓመት ጠብቆ ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ከግድግዳው ሥር በግንቦት የሚከፈተው ስንጥቅ አንድ ጊዜ ዶሮ ውጧል። አንዴ የአደይን አንድ እግር ጫማም ውጦ ነበር፤ በክረምቱ አልመለሰውም። አጎንብሰህ ፊትህን ብታስጠጋ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል፣ በዚያ ሁሉ ቃጠሎ መካከል።

«ይተነፍሳሉ» አሉኝ አደይ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ አየር ነው አልኳቸው።

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ።

አሁን ወደ እጆቹ ልምጣ። ግድግዳው በየዓመቱ ለፋሲካ ኖራ ይቀባል፤ በጋውን ሙሉ ንጹሕ ነው። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ በነፋስ ተገፍቶ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሲገባ ኖራው ይርሳል፣ ይጠቁራል። ያን ጊዜ እጆች ይወጣሉ። ነጭ መዳፍ፣ ከነጣቱ። አንዱ በደረት ልክ፣ አንዱ በግንባር ልክ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ። ከግድግዳው ውስጥ ሆነው ወደ ውጭ የሚገፉ ነው የሚመስሉት። ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋሉ። በሚቀጥለው ዝናብ እዚያው ቦታቸው ላይ ናቸው። በመጭመቂያው ግቢ ያለው የእኔ ክፍል መስኮት ከግድግዳው ትይዩ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከመጽሐፌ ቀና ስል የሚጠብቁኝ እነሱ ስለሆኑ መስኮቱን ቀድሜ መዝጋት ለምጄ ነበር።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ዘይት ነው። ሰሊጥ ሲጨምቅ የዋለ እጃችን ጡቡ ውስጥ ዘይት ትቶ ይሄዳል። ዘይት የጠጣ ጡብ ውሃ አይጠጣም፤ ዙሪያው ርሶ ሲጠቁር እሱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ሁሉ ለአደይ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ዘይት መሆኑን ማን ካደ?» አሉ። «የማን ዘይት ነው?»

መልሱም እሳቸው ጋ ነበር። ትንሿ ጣት የጎደለችው ካላዩ ነው፤ ማጭድ ወስዳበት። ጠባቧ መዳፍ እናትነሽ ናት፤ ለሠራተኛው ፉል ታቀርብ የነበረች፣ ወደ ካርቱም እሄዳለሁ ብላ ጦርነቱ መሐል የገባች። ከሁሉ ከፍ ብሎ ያለው ባንታምላክ ነው። ዝናብ ሲጥል አደይ ከጥላው ሥር ቆመው በየተራ እንደምን ከረማችሁ ይሏቸዋል። በያንዳንዱ ሰላምታ መካከል ትንሽ ዝም ይላሉ። ያቺ ዝምታ ናት ሰውን የምታስፈራው። አዲስ መጪዎች አማትበው ይሄዳሉ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ አንዲት ሴት መጡ። በላይነሽ ይባላሉ። ከመተማ ተነሥተው፣ በዶካ በኩል በጭነት መኪና ተጭነው፣ በየሰሊጥ መጋዘኑ እየዞሩ ልጃቸውን ባንታምላክን ሲጠይቁ ሰንብተዋል። አንዱ ወደ አደይ ላካቸው። እኔ ከመጭመቂያው ለምሳ ወጥቼ እዚያው ነበርኩ።

አደይ «አለ፣ የት ይሄዳል» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸው፤ ልጁ ፋሽጋ፣ ድንበሩ አጠገብ ባለው የእርሻ አገር፣ ወባ ይዞት እንደሞተ፣ ሲሞት ብቻውን እንዳልነበረ ቀስ ብለው ነገሯቸው። እማማ በላይነሽ አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው መቃብሩ ወዴት ነው አሉ።

ባንታምላክ የተቀበረው ከማሽላ እርሻ ዳር ነበር። እርሻው ሰፍቷል፤ ትራክተር አልፎበታል። ይህን እኔም አውቅ ነበር።

የዚያን ቀን ዝናብ አልነበረም። አደይ ተነሥተው ባልዲ ውሃ ቀድተው መጡ። ግድግዳው ላይ ረጩት። ኖራው ጠቆረ፤ ረጅሙ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። እማማ በላይነሽ የራሳቸውን መዳፍ በላዩ ላይ አደረጉ። የልጁ ጣቶች ከእሳቸው ጣቶች አልፈው ይታዩ ነበር።

«ኧረግ ልጄ» አሉ። «እጁ አድጓል።»

ውሃው እስኪደርቅ እዚያው ቆሙ። ከዚያ ሴቶቹ መጥተው አብረዋቸው ሐዘን ተቀመጡ።

እንግዲህ እድሳቱ ሲታወጅ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። መስከረም ላይ አባ ገብረ ሥላሴ ከቅዳሴ በኋላ ተናገሩ። ጣሪያው ይለወጣል። መሠረቱ መረሬው እስኪያልቅ ተቆፍሮ በድንጋይና በአሸዋ ይሞላል። የምዕራቡ ግድግዳ ፈርሶ ሌላ ይሠራል። የግድግዳው ስንጥቅ ክንድ የሚያስገባ ሆኗል፤ በዚያ በኩል ደግሞ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች ያድራሉ።

ክብርት አደይ ለተሥላሴ ያንን ሳምንት የተዋጉት ውጊያ ሊጻፍ የሚገባው ነው። መጀመሪያ ጺማሙ አባ ሦስተኛ ጊዜ ሞቱ፤ አሁን የተቀበሩት ግድግዳው ውስጥ ቆመው ነው። ቀጥሎ ሊለካ የመጣውን ግንበኛ ኡስታ ጀማሉን ከበሩ መለሱት። ጀማሉ ከጎንደር ሰዎች ገዳሪፍ የተወለደ እስላም ነው፤ በትልቅ ሴት ላይ ድምፁን አያነሳም። ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ። በነጋታው ሲመለስ አደይ ወንበር አውጥተው ስንጥቁ ሥር ተቀምጠው አገኛቸው።

አባ ገብረ ሥላሴ መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። እኔ ከመንገዱ ማዶ እሰማለሁ።

«ስማቸውን በእብነ በረድ አስቀርጸን አዲሱ ግድግዳ ላይ እንተክላለን፣ አደይ።»

«ስም ለሚያነብ ነው፣ አባ። ለእነዚህ ልጆች የምትመጣላቸው እናት ናት። እናት ስም ላይ እጇን አድርጋ ልጄ አድጓል ትላለች?»

አባ ቀና ብለው ስንጥቁን አዩ።

«ግድግዳው በሄለን ልጆች ላይ ቢወድቅስ?» አሉ።

ሄለን ከካርቱም የተፈናቀለች ናት፤ ልጆቿን የምታስተኛው ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው። አደይ ማራገቢያውን ወደ ማንም ሳይጠቁሙ ያዙት። ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን አራገቡ። በማራገቢያው ሲያራግቡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ ለአጨዳ ወደ ፋሽጋ ልወርድ ስል ሄጄ ተሳለምኩ። እጄ ዘይት ነበር። አደይ ከኋላ ሆነው ያዩኝ ነበር።

«በል ሂድ» አሉኝ። «ስትመለስ ግድግዳው የለም። የት ላግኝህ?»

ለገና እመጣለሁ አልኳቸው፤ እየሳቅሁ።

ለገና አልመጣሁም። ከሰሊጡ በኋላ ማሽላው መጣ። ስልኬ ውሃ ገባበት። ድንበሩ ላይ ተኩስ ተጀመረና መንገዱ ተዘጋ። ዶካ እንደደረስኩ ወባ ጣለኝ፤ በማላውቃቸው ሰዎች ቤት ተኝቼ ጣሪያ እያየሁ ከረምኩ። ሕመሙ ሲብስብኝ የማስበው ያንን የማሽላ እርሻ ነበር፣ ትራክተሩንም። ግንቦት ላይ በእግሬ መቆም ስችል አውቶቡስ ይዤ ተመለስኩ።

ገዳሪፍ የደረስኩት ቀትር ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ቆርቆሮ ዓይን ይወጋል። ወደ ኋላ ዞርኩ። የምዕራቡ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ነጭ ነው፣ ባዶ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ከፊቱ አንድ የማላውቀው ወጣት እጁን ሊያሳርፍ ዘርግቷል። አደይ ለተሥላሴ ከኋላው ቆመዋል።

«ፈንጠር በል፣ ወደይ» አሉት። «ምንይችል ላይ ቆመሃል።»

ባለሁበት ቆምኩ።

«ተዋወቁ» አሉ። «ምንይችል፣ ይኼ ሶፎኒያስ ነው፤ ትናንት ነው የገባው። ሶፎኒያስ፣ ይኼ የጎንደር ልጅ ነው። አንባቢ ነበር። መብራትህን አጥፍተህ ተኛ ቢሉት አይሰማም። ዓይኑን ሊጨርስ ነው እንል ነበር። ዓይኑን ሳይጨርስ ሄደ።» ዝም አሉ። ያቺ የማውቃት ዝምታ። «ግድ የለም ብሏል።»

ግድ የለም አላልኩም። ጥላዬን ለማየት ወደ እግሬ አጎነበስኩ። ቀትር ስለነበር ጥላዬ ከጫማዬ ሥር ገብቶ አይታይም። ለአፍታ እውነታቸውን እንደሆነ አመንኩ። ዶካ ላይ ያ ጣሪያ የመጨረሻ ያየሁት ነገር ቢሆንስ?

«አደይ፣ አለሁ እኮ» አልኩ።

ዞር አሉ። ከእግሬ ጀምረው እስከ ራሴ አዩኝ። አልደነገጡም። የደነገጠው ሶፎኒያስ ነው፤ በሩ ጋ ደርሶ ነው የቆመው።

«ይኸው» አሉት። «የት ይሄዳል አላልኩህም?»

በማራገቢያው ጫፍ ደረቴን ነካ አደረጉ። ከዚያ ማራገቢያውን ብብታቸው ሥር ከተው በእጃቸው ጉንጬን ያዙ። እጃቸው ረጅም ጊዜ አልተነሣም።

የሆነውን የነገረችኝ ሄለን ናት። ጥር ላይ አንድ ሠራተኛ አንድ የአርማጭሆ ልጅ ዶካ ላይ ሞተ የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ስሙን አያውቅም። አደይ አወቁት። አባን ፍትሐት አስደረጉልኝ፤ እሳቸውም ሐዘን ተቀመጡልኝ።

«ወላሂ፣ ግቢው በሙሉ አልቅሷል» አለች ሄለን። «እኔም አልቅሻለሁ። ያኔ መልክህን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም ነበር።»

ኦርቶዶክስ ሆኜ በካቶሊክ መፈታቴን ለአደይ ቅር እንዳለኝ ነገርኳቸው።

«እዚያ ስትደርስ ታስተካክለዋለህ» አሉ።

ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። በየቀኑ ባዶውን ነጭ ግድግዳ እንደምን ዋላችሁ ሲሉት አያለሁ። ያስተዋውቃሉ፣ ያስጠጋሉ፣ ፈንጠር ያስደርጋሉ። እዚያ ግን ምንም የለም። እጆቹን ከወሰዱባቸው በኋላ አእምሯቸውም አብሮ ሄደ ብዬ አዘንኩ። ጀማሉን አግኝቼ የድሮውን ጡብ የት አደረግኸው አልኩት። ወደ ሰማይ አየ።

«ዝናብ ይምጣ» አለኝ።

ዝናቡ ሰኔ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ መጣ። መጀመሪያ አቧራው፣ ከዚያ ጨለማው፣ ከዚያ ውሃው። ከመጭመቂያው በር ላይ ቆሜ ነበር። ነፋሱ ዝናቡን ከጥላው ሥር አስገባው፤ ነጩ ግድግዳ ከታች ጀምሮ ጠቆረ። ከፍ ብሎ አንድ ረጅም እጅ ወጣ። ቀጥሎ ትንሽ ጣቱ የጎደለው። ቀጥሎ ጠባቧ። በየቦታቸው፣ ያው ከፍታ፣ ያው አቀማመጥ። ግቢው ውስጥ ያሉት ሰዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው ወጡ። የሄለን ልጆች መጫወታቸውን ተዉ። ከባንታምላክ በስተግራ ሌላ ወጣ። የእኔ ነበር።

ጀማሉ አጠገቤ ነበር፤ የዝናብ መውረጃውን ሊያይ መጥቶ።

«ምን ላድርግ?» አለኝ። «ሴትዮዋ ከላዬ አልወርድ አሉ።»

ግድግዳው ሲፈርስ ወንበራቸውን አውጥተው እንደተቀመጡ ነገረኝ። የቀን ሠራተኞቹን፣ የምታወርዱት ሰው ነው፣ ቀስ በሉ እያሉ ጡቡን አንድ በአንድ አስወረዱት። እያንዳንዱን በጠመኔ ምልክት አስደረጉበት፤ እንደ ቀድሞው ረድፍ ግቢው ውስጥ ገለባ ላይ አስደረደሩት። አዲሱ መሠረት ሲያልቅ በዚያው ጡብ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ፣ መልሶ ገነባው። አንድ ጊዜ ሁለት ጡብ ተዛነቀበት። ከወንበራቸው ሳይነሡ አዩት።

«የካላዩን ጣት ለእናትነሽ ሰጠሃት አሉኝ» አለ ጀማሉ። «ኸላስ፣ አፍርሼ እንደገና። ለእኚህ ሴት ሁለተኛ አልሠራም።»

ይህን ካለ በኋላ የዝናብ መውረጃውን ለማየት የማይመጣበት ሳምንት የለም።

አባ ገብረ ሥላሴ ጃንጥላ ይዘው ወጥተው ብዙ ቆሙ። ያውቁ ነበር አያውቁም ነበር፣ አልጠየቅኋቸውም። ጃንጥላውን አጥፈው እየረጠቡ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ገቡ።

እኔም ሄድኩ። መዳፌን መዳፌ ላይ አደረግሁ። ልክ ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር። እዚያ ቆሜ እጆቹን ሁሉ አየሁ። የጎደለ አንድ እጅ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። አደይ በሕይወታቸው ሙሉ ግድግዳው ሥር ኖረዋል፤ ዘይት ነክቷቸው ግን አያውቅም።

በነጋታው ከመጭመቂያው በብርጭቆ ትንሽ ዘይት ይዤ መጣሁ። እጅዎን ያምጡ አልኳቸው። ተቆጡ። የሰሊጥ ዘይት ለምግብ ነው አሉ። ነጠላዬ ይበላሻል አሉ። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔንስ ማን ያስተዋውቀኛል?» አሉ።

«እኔ» አልኩ።

ከዚያ ማራገቢያውን አስያዙኝ፤ መዳፋቸውን ዘይቱ ውስጥ ነክረው፣ ከእኔ በስተግራ፣ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፉት። አጥብቀው ያዙት፤ ሰው በር እንዳይከፈትበት እንደሚይዝ።

አሁን ዝናብ ሲመጣ መስኮቴን አልዘጋም። ፋሽጋ እንደገና እወርዳለሁ፤ ሥራዬ ነው። ያ እርሻና ያ ትራክተር ግን እንደ ድሮው አያስፈሩኝም። ትናንት ካፊያ ነበር። ሶፎኒያስ ሊሳለም መጥቶ እጁን ዝቅ አድርጎ ዘረጋ። ማራገቢያው እኔ ጋ ነበር፤ ሳላስበው ወደ ግድግዳው ጠቆምኩበት።

«ፈንጠር በል» አልኩት። «አደይ ላይ ቆመሃል።»

«አለሁ እኮ» አሉ አደይ ከኋላችን፣ ከወንበራቸው ላይ።

«የት ይሄዳሉ» አልኩ።